የጠቆረ ወርቅ ቅብ ሰዓት፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከከዚራ እስከ መጋላ ወርቅ ቅብ ሰዓት የሚያስር ሰው የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጠናቸዋል።

ወርቅ አይዝግም ይባል የለ እንዴ? ታዲያ ሰዓቴ ለምን ጠቆረ?

ልክ ነው፣ ንጹሕ ወርቅ አይዝግም። የሚጠቁረው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። የወርቅ ቅብ ሰዓት ቀፎ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፤ ናስ ደግሞ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል። በናሱ ላይ ብዙ ጊዜ ስስ ኒኬል ይደረብበታል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ወርቅ ይለበጣል።

ቅቡ ስስ ከሆነ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ላብ በእነሱ በኩል ይገባል። በላብ ውስጥ ያለው ጨው መዳቡን ሲያገኘው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ይፈጠራል፣ ያ ነገር ወጥቶ ወርቁ ላይ ይዘረጋል። በተጨማሪም ቅቡ ራሱ ብዙ ጊዜ ንጹሕ 24 ካራት አይደለም። ለቀለሙና ለጥንካሬው ሲባል ሌላ ብረት ይቀላቀልበታል፤ እሱም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ስለዚህ ሰዓታችሁ ስለጠቆረ ብቻ ተታለልኩ አትበሉ። ደህና ሰዓትም ካልተያዘ ይጠቁራል።

ቅቡ ወፍራም ይሁን ስስ በምን ላውቅ?

ሰዓቱን ገልብጡና የጀርባ ክዳኑን አንብቡ። ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጥጎች መካከልም ተጽፎ ይገኛል። "ጂ.ፒ." የሚሉት ፊደላት ወርቅ ቅብ ማለት ናቸው። በድሮ የስዊስ ሰዓቶች ላይ "ፕላኬ ኦር 10 ማይክሮን" ወይም "20 ማይክሮን" የሚል አለ፤ ፈረንሳይኛ ስለሆነ የባቡሩን ዘመን ያዩ የድሬ አዛውንቶች ቶሎ ያነቡላችኋል። በሶቪየት ዘመን በተሠሩት ላይ "ኤ.ዩ. 10" ወይም "ኤ.ዩ. 20" ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ የማይክሮን ልክ ነው። "ጂ.ኤፍ." ካያችሁ ደግሞ ወርቁ በሙቀትና በግፊት የተለጠፈ ነው፤ ከተራ ቅብ በብዙ እጥፍ ይወፍራል።

አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ 20 ማይክሮን የሚባለው ጥሩ ቅብ እንኳ ከፀጉር ሲሶ ያነሰ ነው። ታይዋን ገበያ በርካሽ ከሚገዙት ብዙዎቹ ምንም ቁጥር የላቸውም። ቁጥር ከሌለ ቅቡ ስስ ነው ብላችሁ ያዙ፣ አያያዛችሁም በዚያው ልክ ይሁን።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጀርባው ላይ "ስቴይንለስ ስቲል ባክ" የሚል ካለ፣ የማይዝገው ብረት ክዳኑ ብቻ ነው ማለት ነው። የተቀረው ቀፎ ናስ ሊሆን ይችላል። ሰዓት ስትገዙ "ባክ" የምትለዋ ቃል መኖር አለመኖሯን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

እድፍ ነው ወይስ ወርቁ ለቋል? እንዴት ልለየው?

ይህ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ቀጥሎ የምታደርጉትን ይወስናል። እድፍ ይጸዳል። የለቀቀ ወርቅ ግን በማጽዳት አይመለስም። በፈተጋችሁት ቁጥር የተረፈውንም ትጨርሱታላችሁ።

ሰዓቱን መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ያዙት። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በትንሹ አርጥቡና አንድ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ጨርቁ ጠቁሮ ሥሩ ቢጫ ከታየ እድፍ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ቦታው ነጭ፣ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ወርቁ ሄዷል። ነጩና ግራጫው ኒኬሉ ነው፣ ቀላ ያለው ናሱ። መጀመሪያ የሚለቁት ጥጎቹና መሙያው (ሰዓቱ የሚሞላበትና የሚስተካከልበት ጉብታ) ያለበት ጎን ናቸው፤ ልብስ የሚያሻቸው፣ ጣት የሚነካቸው እነሱ ስለሆኑ። በጥፍር ስትነኩት ትንሽ ጉድጓድ ከተሰማችሁ ደግሞ ከሥር ያለው ብረት ተበልቷል ማለት ነው።

እሺ፣ እቤት ውስጥ እንዴት ላጽዳው?

ሰዓቱ ውሃ አይችልም ብላችሁ ጀምሩ። "30 ሜትር" ወይም "3 ባር" የሚል ቢኖረውም ያ ማለት የእጅ መታጠቢያ ፍንጣሪ ይችላል እንጂ ውሃ ውስጥ ይነከራል ማለት አይደለም። ክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። መሙያው እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ።

ከዚያ ማሰሪያውን ፍቱ። የምትችሉ ከሆነ ራሳችሁ፣ ካልሆነ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄዳችሁ አስፈቱት፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ማሰሪያው የብረት ሰንሰለት ከሆነ ብቻውን ሊነከር ይችላል። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ፣ አንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ 10 ደቂቃ። በሕፃን የጥርስ ብሩሽ በአንጓዎቹ መሃል እለፉበት። የሚወጣውን ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ የዓመታት ላብ፣ የቆዳ ቅርፊትና አቧራ ነው።

ቀፎውን ግን አትንከሩት። መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ጨርቁን በሳሙናው ውሃ አርጥባችሁ፣ በደንብ ጨምቃችሁ፣ ሳትጫኑ ጥረጉ። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጥጎች ውስጠኛ በኩል ዋናው ቦታ ነው። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልላችሁ፣ አርጥባችሁ ወደዚያ ጠባብ ማዕዘን አስገቡ። ጥጡ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቀይሩት፣ እንደገና አስገቡ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። እልከኛ የሆነ አረንጓዴ ቅርፊት ካለ እርጥብ ጥጥ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉበትና በእንጨቱ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ግፉት። መርፌ፣ ቢላ፣ ምላጭ በፍጹም።

መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱ። የድሬ ውሃ ጠጣር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ውሃ በሚፈላበት እቃ ውስጥ የሚጋግረው ነጭ ነገር ሰዓት ላይም ነጠብጣብ ይተዋል። ለዚህች የመጨረሻ መጥረጊያ የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁና ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት አሳርፉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያም አትንፉት።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ብራሶስ? እናቴ ወርቋን በሎሚ ነው የምታጸዳው።

የእናታችሁ ወርቅ ውስጡም ወርቅ ነው። የእናንተ ሰዓት ውስጡ ናስ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ስለሆኑ በቅቡ ቀዳዳዎች ገብተው ናሱን ይበሉታል፤ ለዛሬ ያብረቀርቃል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብሶበት ይጠቁራል። የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አመድና ብራሶ ደግሞ የሚፍቅ ደቃቅ ነገር አላቸው። የናስ ዕቃን የሚያሳምሩት ላዩን ስለሚገፉት ነው። የእናንተ ሰዓት "ላይ" ደግሞ ወርቁ ነው። ጨርቁ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር ሁሉ እድፍ አይምሰላችሁ፣ ከወርቁም አለበት።

በረኪና ጨርሶ አይነካው፤ በረኪና በያዘ እጅም ሰዓቱን አትንኩ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ናስን ይጎዳል። ሳኒታይዘርና አልኮል ደግሞ መስታወቱ ፕላስቲክ በሆነባቸው የድሮ ሰዓቶች ላይ ስንጥቅ ያመጣሉ፣ በርካሽ ሰዓቶች ላይ ያለውንም መከላከያ ቫርኒሽ ይልጣሉ። በአልሙኒየም ወረቀትና በጨው የሚደረገው ዘዴ ለብር ጌጥ ነው፣ ለሰዓት አይሆንም።

ወንድሜ ሐረር ነው። አንድ ቀን የገዛነው ሰዓት የእሱ እንደ አዲስ ነው፣ የኔ አልቋል። ለምን?

ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚያውቅ ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከሰዓቱ ሥር ያለው ቆዳ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። የወንድማችሁ ሰዓት በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት ደረቅ ነው፣ የእናንተ ግን በጨው ውሃ ውስጥ ይውላል። የሰው ላብም አንድ አይደለም። የአንዳንዱ ሰው ላብ ብረት ይበላል፣ የሌላው ምንም አያደርግም።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ የሚያነሳው አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፣ ወርቅ 2.5 ገደማ። በላብ የተለጠፈ አሸዋ ሳታራግፉ ሰዓቱን በሸሚዝ ጫፍ ስትጠርጉ ወርቁን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጋችሁ ነው። ይህን ልማድ ብዙ ሰው ላይ አያለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ሱሪው ላይ ያሻል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማሰሪያውን አንድ ጣት በሚያስገባ ልክ አላሉት። ቀትር ላይ፣ ከቤት የማትወጡ ከሆነ፣ አውልቁት። ማታ ስትገቡ አራግፉና ጀርባውንና ጥጎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ከላይ የጻፍነውን ትልቁን ጽዳት በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አያስፈልገውም።

ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ ማውለቅ አለብኝ?

አዎ፣ ለሰዓቱ ሲባል አውልቁት። ወደ ክርን ገፋ አድርጎ መታጠብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን ውሃው ክንድ ላይ ይወርድና ማሰሪያው ሥር ይቀመጣል። ጉዳቱ ያለው እዚያ ተደብቆ በሚቆየው እርጥበት ላይ ነው። ክንዳችሁን አድርቃችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ለምግብ እጅ ስትታጠቡም እንዲሁ። ስታወልቁት ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትክተቱት፤ መሐረብ ጠቅልሉበት።

ሽቶ፣ ሎሽን፣ ሂና ይጎዱታል?

ይጎዱታል። ሽቶ ክንድ ላይ ከተነፋ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ሎሽንም ቆዳ ውስጥ እስኪገባ። ሂና አሲድነት አለው፣ ቀለሙም የቆዳ ማሰሪያ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ለሠርግ ሂና የምትቀቡ ሰዓቱን በማግስቱ እሰሩት። ከሁሉም በኋላ የሚታሰር፣ ከሁሉም በፊት የሚወልቅ ጌጥ ሰዓት ይሁን።

ሳላስረው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እያለ ጠቆረ። እንዴት ይሆናል?

ሳይጸዳ ስለተቀመጠ ነው። ያልተጠረገ ላብ ሳጥን ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ሌላው ተጠያቂ ላስቲክ ነው። ሰዓትን ከነካርቶኑ በላስቲክ አስሮ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ግን ብዙ ላስቲክ ውስጥ ያለው ድኝ መዳብንና ብርን ያጠቁራል።

በደንብ ጠርጋችሁ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አስገቡት። ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ አብራችሁ ክተቷት። እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት። የባትሪ ሰዓት ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪውን አስወጡ። የሞተ ባትሪ ያፈሳል፣ ያፈሰሰው ደግሞ ሞተሩን ይገድላል።

ክንዴን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ያሳክከኛልም።

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አረንጓዴው የመዳብ ጨው ነው፤ በሳሙና ይለቃል፣ ብዙም አያስፈራም። ማሳከኩና ሽፍታው ግን ኒኬል ሊሆን ይችላል። ቅቡ ሲለቅ ከሥር ያለው ኒኬል ቆዳን ይነካል፣ ኒኬል የማይስማማው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ሽፍታው እስኪጠፋ አትሰሩት። ካልጠፋ ሐኪም ይየው።

ጀርባውን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም መቀባት ለጊዜው ይረዳል። ግን ከክዳኑ ውጪ አትቀቡ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይላጣል፣ በተላጠው ሥርም ላብ ይገባል። የተሻለው ከሰዓቱ ጀርባ የሚያልፍ አንድ ወጥ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ነው፤ ብረቱ ክንድ ላይ ጨርሶ አያርፍም።

እንደገና ወርቅ ማስቀባት ይቻላል? ወርቅ ቤት ልውሰደው?

ይቻላል፣ ግን ሥራው ከሚመስለው በላይ ነው። ሰዓቱ ሙሉ ለሙሉ መፈታት አለበት፤ ሞተሩ፣ ፊቱ፣ መስታወቱ ሁሉ ይወጣል። አሮጌው ቅብ ይነሳል፣ ቀፎው ይለሰልሳል፣ ኒኬል ይደረጋል፣ ከዚያ ወርቅ። በማለስለሱ ላይ ስለታም ጠርዞች ይሟሽሻሉ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍም ይደበዝዛል። ቀፎው ጉድጓድ ካለው እሱ መሞላት አለበት፤ ወርቅ ብቻውን ጉድጓድ አይደብቅም፣ ያጎላዋል።

ስለዚህ ሰዓት ሠሪና ወርቅ ሠሪ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ለወርቅ ሠሪው ሰዓቱን ከነሞተሩ አትስጡት። ስንት ማይክሮን እንደሚቀባ ጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ስስ ቅብ ነው፣ በድሬ ላብ ብዙ አይቆይም። በንዝረት የሚያጸዳው ማሽን ውስጥም ሰዓቱን ከነሞተሩ አታስገቡት፤ መላጥ የጀመረ ቅብ ካለም ያራግፈዋል። ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ እቤት ልቀባ ካላችሁ ደግሞ አደራችሁን ተዉት። ብዙው የወርቅ መቀቢያ ፈሳሽ ሲያናይድ አለበት። ሲያናይድ ይገድላል።

ለርካሽ ሰዓት ይህ ሁሉ አያዋጣም፤ በዚያ ብር ሌላ ይገዛል። ለወፍራም ቅብና ለጥሩ ሞተር ግን ያስኬዳል።

በላዩ ስንት ወርቅ ነው ያለው? ልሸጠው እችላለሁ? ለወንድስ ይፈቀዳል?

እናስላው። የወንድ ሰዓት ቀፎ የውጪ ስፋት ወደ 15 ካሬ ሴንቲሜትር ብንለው፣ 10 ማይክሮን ቅብ 0.3 ግራም ገደማ ወርቅ ይሆናል። አንድ ማይክሮን ከሆነ 0.03 ግራም። እሱን ከናስ ለመለየት የሚወጣው ወጪ ከወርቁ ሊበልጥ ይችላል፤ ለዚህም ነው ወርቅ ቤት የማይገዛችሁ። ዋጋ ካለው ዋጋው እንደ ሰዓት ነው፤ ሞተሩ የሚሠራ፣ ፊቱ ያልተነካ ከሆነ።

ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ በእስልምና ወንድ ወርቅ እንደማያደርግ የታወቀ ነው። ቅብን በሚመለከት ግን ዑለማዎች ዝርዝር አላቸው፤ የቅቡ መጠን የሚታይበት አለ። ስለዚህ ሸኻችሁን ስትጠይቁ "ወርቅ ቅብ ነው" ብቻ አትበሉ። ስንት ማይክሮን እንደሆነ ከጀርባው አንብባችሁ ሂዱ፤ በጨበጣ ከመጠየቅ ይሻላል።

የአባቴ ነው። የባቡር ሠራተኛ እያለ ያስረው ነበር። ጥጎቹ ነጥተዋል፣ ፊቱም ቢጫ ሆኗል። ላሳድሰው?

አታሳድሱት፣ መበላሸቱን ግን አስቁሙት። እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። የነጡት ጥጎች የአባታችሁ እጅጌ ያሻቸው ናቸው። እንደገና ቢቀቡ ሰዓቱ አዲስ ይመስላል፣ የእሳቸው ግን አይመስልም። በሰብሳቢዎች ዘንድም በደህና ሁኔታ ያለ ያልተነካ ሰዓት ከተቀባው ይበልጣል። ፊቱንም አታስጠርጉ፤ የድሮ ሰዓት ፊት ላይ ያለ ጽሑፍ በእርጥብ ጥጥ አንድ ጊዜ ቢታሽ ሊነሳ ይችላል።

አረንጓዴው ግን መቆም አለበት። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ ክዳኑ የሚገጥምበትን ክብ ያጽዳ፣ ላስቲኩን ይቀይር፣ ሞተሩን ይጠብና ዘይት ይስጠው። ጨለማ ውስጥ እንዲያበሩ ቁጥሮቹ ወይም ጠቋሚዎቹ የተቀቡ፣ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ሰዓት ከሆነ ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ይችላል። ራዲየም ጨረር አለው፤ መብራቱ ቢጠፋም ጨረሩ አይጠፋም። ማንም እንዳይፍቀው፣ አቧራውንም እንዳይተነፍሰው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውንና አራቱን ጎኖች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲመለስላችሁ ጠይቁ፤ መሙያውም ቢሆን፣ የማሰሪያው ፒንም ቢሆን። ስታስሩት ቀን ላይ ሳይሆን አመሻሽ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ይሁን፤ ስትመለሱም ጠርጋችሁ አስቀምጡት።